እንዶድ ያልወረደበት ቁልቁለት

አያቴ ከደብረ ሲና በላይ ካለው ደጋ ወደ እኛ ወደ ሸዋ ሮቢት በወረደች ቁጥር ከአቁማዳዋ እንዶድ አይጠፋም ነበር። ፍሬውን ሳይቀላ ለቅማ፣ አድርቃ፣ ወቅጣ ነው የምታመጣው። ሳሙና በየሱቁ ቢሞላም፣ ጋቢዋ በእንዶድ ካልታጠበ የጸዳ አይመስላትም። ሮቢ ወንዝ ወርዳ ልብሱን ዘፍዝፋ ስታሸው አረፋው ወተት መስሎ በድንጋዩ መሐል ወደ ታች ይፈሳል። እኛ ልጆች አጠገቧ ስንንቦጫረቅ ትቆጣለች። «ዓይናችሁን ያቃጥላችኋል፤ ወደ ላይ ሂዱ!» እኛም ወደ ላይ፣ ኩልል ብሎ ንጹሕ ወደመሰለን ውሃ እንሄዳለን።

ቢልሃርዝያ የያዘኝ ከዚያ ኩልል ካለ ውሃ ነው።

ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ሰገራዬ ደም ይቀላቅላል። ጤና ጣቢያ ተወስጄ በክብደቴ ተለክቶ እንክብል ተሰጠኝ፤ ዋጥኩት፤ ዳንኩ። በሳምንቱ ተመልሼ ወንዝ ገባሁ። በዓመቱ ሕመሙ ተመለሰ። በይፋት ቆላ ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ከእኔ መስማት አያሻውም። ሽንኩርቱም፣ ማሾውም የሚጠጣው ከመስኖ ቦይ ነው። ውሃ የሚመልሰው ገበሬ፣ ልብስ የምታጥበው እናት፣ ከብት የሚያጠጣው እረኛ እግሩን ውሃ ውስጥ ሳይነክር አይውልም።

በሽታው የሚኖረው በዙር ነው። ከታመመ ሰው ሰገራ ጋር የወጣው የትል ዕንቁላል ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭ በጥቃቅን የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ ሆኖ ይወጣና ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንክብሉ፣ ፕራዚኳንቴል፣ በሰው ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። ቦዩ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ግን አይነካውም። ስለዚህ ልጁ ድኖ ወደ ወንዙ ሲመለስ ወንዙ እንደታመመ ይጠብቀዋል።

ወንዙን የሚያክመው መድኃኒት ከአያቴ አቁማዳ ውስጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ተመራማሪ ስለ ቢልሃርዝያ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። አክሊሉ ከእነሱ በታች ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ። በሌላው የወንዙ ክፍል ያሉት በሕይወት አሉ። አንድ ሰው ሺህ ዓመት ሲታይ የኖረን ነገር ቆም ብሎ አየው፤ ጠየቀ፤ ሞከረ። በዓመቱ፣ በ1965፣ የመጀመሪያው ዘገባ በኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል ታተመ። በ1966 ደግሞ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ቀጥሎ የሆነው ነው የሚያንገበግበኝ። ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ ወንዞቹ በእንዶድ ዱቄት ታከሙ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል ቢልሃርዝያ ያለባቸው ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ወረዱ። ሕዝቡ በሙሉ ሲቆጠር ከ63 ከመቶ ወደ 33 ከመቶ ዝቅ አለ። ይህ ውጤት የተገኘው ከጓሮ አጥር ላይ በተለቀመ ፍሬ ነው። ያኔ የነበረው ዋናው አማራጭ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚሠራው ኬሚካል ነበር፤ እሱም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ።

አገር እንዲህ ያለ ውጤት በእጇ ይዛ ምን ታደርጋለች? እኛ ፈቃድ ጠበቅን። የውጭ ባለሙያዎች ከአፍሪካ ቤተ ሙከራ የወጣው ውጤት በታወቁ ቤተ ሙከራዎች ይደገም አሉ፤ የመርዛማነቱም ፍተሻ ይቅደም አሉ። ሰው ስለሚነካው ውሃ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ለፍተሻው የሚሆን ገንዘብ ግን ዓመት ቆጥሮ ዓመት ቢመጣ ጠፋ። በመጨረሻ የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ ሰጥቶ ፍተሻው ሲሠራ፣ ከአድዋው ወንዝ ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር። እንዶድ ዓይን እንደሚያቃጥልም ያን ጊዜ በወግ ተመዘገበ። አያቴ ሮቢ ወንዝ ላይ ቆማ የነገረችንን ነው።

የውጪው ዓለም ግን እኛ እስክንነሳ አልጠበቀም። ካሊፎርኒያ ያሉ ኬሚስቶች በ1970ዎቹ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው በአክሊሉ ስም ለማቶክሲን አሉት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ሙሰል የተባለ ባለ ዛጎል ፍጥረት የአሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ሲወርር፣ በኦሃዮ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ እንደሚገድለው ተረጋገጠ። አክሊሉ ራሳቸው የግኝቱ ተካፋይ ነበሩ፤ የፈጠራ ባለቤትነቱ የተመዘገበው ግን በዩኒቨርሲቲው ስም ነው። የእናቶቻችን የልብስ ማጠቢያ የሐይቆቹን ቧንቧ ለማዳን ሲታሰብ፣ የይፋት ልጅ ሆዱን ይዞ ይጮህ ነበር።

አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ለገሠ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የእንዶድ ዝርያዎችን ሲያወዳድሩ ኖረው «ዓይነት 44» የተባለውን ምርጥ ዝርያ ለይተዋል። ዘሩ ተለየ፤ መጠኑ ታወቀ፤ ውጤቱ ታተመ። አክሊሉ በ1997 አሜሪካ ውስጥ አረፉ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላል የአገሬ ሰው። የእኛ ጥፋት ከዚህም ይከፋል፤ እኛ ወርቅነቱን ፈትነን፣ መዝነን፣ በመጽሔት ካተምን በኋላ ነው የጣልነው።

ጥፋቱን ሁሉ በውጭ ሰው ላይ ጭነን እፎይ እንዳንል ቻይና ፊታችን ቆማለች። በ1967 የቻይና መንግሥት ለወባ መድኃኒት ፈልጉ ብሎ ሊቃውንቱን በአንድ ፕሮጀክት አሰለፈ። ቱ ዩዩ የተባሉት ሴት ተመራማሪ የጥንት መጽሐፍ አገላብጠው የአሪቲ ዘመድ ከሆነ ቅጠል አርቴሚሲኒንን አወጡ። እሳቸውም ሥራቸውን የጀመሩት የአገሬው ሰው ከሚያውቀው ቅጠል ነው፤ ዘመኑም ያው የአክሊሉ ዘመን ነው። ልዩነቱ የመጣው ከግኝቱ በኋላ ነው፤ እነሱ ከቤተ ሙከራ እስከ ፋብሪካ ተከትለው ሄዱ። በ2015 ቱ ዩዩ ኖቤል ተሸለሙ። ኢትዮጵያ በ2004 ለወባ መስጠት የጀመረችው ኮአርተም የዚያው ቅጠል ልጅ ነው። በሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ወረፋ የያዘ ወባ በሽተኛ የሚውጠው የቻይናን ቅጠል ነው። ከጎኑ የተቀመጠው ቢልሃርዝያ የያዘው ልጅ የሚውጠውም በውጭ የተሠራ እንክብል ነው። የእኛ ፍሬ ከዚያ መደርደሪያ ላይ የለም።

የአክሊሉን የ1965 ዘገባ ያነበብኩት አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ጥቂት ገጽ ናት። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጬ ጨርሻት ለረጅም ጊዜ ከወንበሬ አልተነሳሁም። የታየኝ የሮቢ ወንዝ ነው፤ ነጩ አረፋ፣ «ወደ ላይ ሂዱ» የሚለው ድምፅ። አያቴ ያኔ ሞታ ነበር። «ያ አረፋሽ መድኃኒት ነበር» ብዬ ሳልነግራት ቀረሁ። እኔም ከአረፋው በታች ያለውን ውሃ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼም ደመወዝ ወደሚገኝበት ሄድኩ፤ ወደ ወንዙ አልተመለስኩም። ስለዚህ አገሬን ስወቅስ ራሴን ከወቀሳው አላወጣም።

እንዶድ ብቻውን ቢልሃርዝያን አያጠፋም። መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋል፤ ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል፤ እንክብሉም ያስፈልጋል። እንዶድ ዓሣም ይገድላልና የት ቦይ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ያህል መጠን እንደሚጨመር የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራ ሥራ ነው። ስድሳ ዓመት ለመቀመጥ ምክንያት አይሆንም።

እንዶድ የሚወደው ደጋና ወይናደጋ ነው፤ ቢልሃርዝያ የሚበረታው ቆላ ነው። በእኛ አገር እነዚህ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው። የደጋ ገበሬ በአጥሩ ላይ ተክሎ ቢሸጥ ገቢ ያገኛል፤ የቆላው ገበሬ ገዝቶ ቦዩ ላይ ቢበትነው ልጁን ያድናል። ከደብረ ሲና በአርማንያ አድርጎ ሸዋ ሮቢት ለመውረድ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። አያቴ ያንን ቁልቁለት በአቁማዳ እንዶድ ይዛ ትወርደው ነበር። በጤና ሙያ የምትማሩ የይፋት ልጆች፣ የምርምር ተቋማትና የጤና ቢሮዎች፣ እሷ ያወረደችውን እናንተም አውርዱት፤ ዘገባው ተጽፏል፤ ዝርያው ተመርጧል። ቀንድ አውጣው ዛሬም ቦዩ ውስጥ አለ፤ ልጆቹም ዛሬ ከትምህርት ቤት መልስ ይዋኛሉ።