ቮሉቢሊስ ላይ ብቻዬን
ከሞሮኮዋ መክነስ በታክሲ ወጥቼ የጥንቷ የሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ ቮሉቢሊስ ስደርስ ገና ማለዳ ነበር። ሽመላዎች ሮማውያን ባቆሟቸው ዓምዶች አናት ላይ ጎጆ ሠርተው ቁልቁል ያዩኛል፤ ባለቤቶቹ እነሱ፣ እንግዳዋ እኔ። እ.ኤ.አ. በ217 ለንጉሠ ነገሥት ካራካላ ክብር የቆመውን ቅስት ሁሉም ፎቶ ያነሳል። እኔን የያዘኝ ግን የወይራ መጭመቂያው ድንጋይ ነው። ከተማዋን ያበለጸጋት ዘይት ነበር፤ ዛሬም ዙሪያዋ ወይራ ነው።

ከሰዓት በአቅራቢያው ወዳለችው የሙላይ ኢድሪስ ከተማ ወጣሁ። የሻይ ቤቱ አዛውንት የናና ሻዩን ከላይ እያንቆረቆሩ አንድ ጣታቸውን አሳዩኝ፤ «ብቻሽን?» ማለታቸው ነው። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ሁለተኛ ብርጭቆ አምጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። የጋራ ቋንቋ አልነበረንም፤ ዳቦና የወይራ ፍሬ ግን ነበረን።