ጨው ቀማሿ

ሰቢል፣ ስምንት ሆነን በተከራየናት ክፍል አራቱ ይሰግዳሉ፤ ሦስታችን ደግሞ ስማችንን አስቀይረን፣ ማተባችንን ፈትተን የመጣን ነን። ስምንተኛዋ አትሰግድም፣ አታማትብም። አንድ ጁምዓ ቡና ላይ፣ «አንቺ ግን ሃይማኖትሽ ምንድነው?» አልኳት።

«ምንም።»

ሁላችንም ዝም አልን። የሳዑዲ አገር ውስጥ ሚኒስቴር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ እግዜር የለም ማለት ከሽብር ይቆጠራል። ወሬው ከበር ከወጣ አለቀላት።

ከሚሰግዱት ታላቃችን ቶናውን ቀዳችላትና፣ «እዚህ ቤት የሚጠየቀው ኪራይ ብቻ ነው» አለች። አፈርኩ፤ እኔስ ብሆን በማን ስም ነው የምኖረው?

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። የሾርባውንም የሽሮውንም ጨው ቀምሳ የምትነግረን እሷ ብቻ ሆነች።