ሴቶች በሚለኩበት ቤት ካሜራ



ሀዋሳ ውስጥ ቤታቸው ሆነው ሠርተው የሚያድሩ እህቶቻችን ጥቂት አይደሉም። አንዷ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣ አንዷ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታስረክባለች፣ ሌላዋ በቴሌግራም ሒጃብና ሽቶ ትሸጣለች። ታላቅ እህቴ ዓባያና ጅልባብ ትሰፋለች። ቤቷ የምትሠራው የሱቅ ኪራይ ስለከበዳት ብቻ አይደለም። ደንበኞቿ ሴቶች ናቸው፤ ወንድ ገባ አልገባ ብለው ሳይሳቀቁ የሚለኩበት ቦታ ይፈልጋሉ። ለዚያ ብለው ከሻሸመኔ ድረስ የሚመጡላት አሉ።

ባለፈው ረመዷን፣ በመጨረሻዎቹ አስር ቀናት ሥራው ተደራርቦ ሳለ፣ ከፊተኛው ክፍል መደርደሪያ ላይ አንድ ጣቃ ጨርቅ ጠፋ። ጨርቁ የእሷ አልነበረም። አንዲት እናት ለራሷና ለልጆቿ የዒድ ልብስ እንዲሰፋላት ያስቀመጠችው አማና ነው። እህቴ ዋጋውን ከኪሷ ከፍላ ለመጨረስ ሦስት ወር ፈጅቶባታል።

ቤት ውስጥ ወሬው ወዲያው ሁለት ቦታ ሄደ። አንዱ “ካሜራ ይገጠም” የሚል ነው። ሁለተኛውን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም፤ ከቱላ እየተመላለሰች የምታግዛት ልጅ ናት የሚል ነው። እህቴ ሁለተኛውን ስትሰማ “ያየ አለ?” ብላ ጠየቀች። ማንም አላየም። “እንግዲያው ስሟን እንዳታነሱብኝ!” አለች። ሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ላይ የተከለከሉት ነገሮች ቅደም ተከተል ሁሌ ይገርመኛል፤ መጀመሪያ ጥርጣሬ፣ ቀጥሎ ስለላ፣ ከዚያ ሐሜት። እኛ ቤት ሦስቱም በአንድ ምሽት ሊሟሉ ትንሽ ነበር የቀራቸው።

ካሜራውን ራሱን የተቃወመ አልነበረም። ግመሌን ልሰርና ልመካ ወይስ ልልቀቅና ልመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡትን፣ ቲርሚዚ የዘገቡትን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ንብረትን መጠበቅ ተወኩልን አያፈርስም። የከበደን ካሜራው የት ይሁን የሚለው ነበር።

ታናሽ ወንድማችን ሁለት የዋይፋይ ካሜራ አሰበ፤ አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ክፍሉን በሙሉ እንዲያሳይ ጥግ ላይ። “እኔ በስልኬ እከታተለዋለሁ” አለ። እህቴ የስፌት መኪናዋን አቆመችና “ሴቶቹ ጅልባባቸውን አውልቀው የሚለኩት እዚህ አይደል እንዴ? አንተ ስልክ ላይ ምን ሊሠሩ ነው?” አለችው። ዝም አለ። ክፉ አስቦ አይደለም። ብዙዎቻችን ካሜራን እንደ ቁልፍ ነው የምናየው፤ ቁልፍ ግን ሌባን ያግዳል እንጂ ደንበኛን አያይም።

ሰህል ኢብኑ ሰዕድ ያወሩትና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ክስተት አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሆነው ራሳቸውን በማበጠሪያ ሲያኩ አንድ ሰው በቀዳዳ አጮልቆ አያቸው። በብርቱ ቃል ገሠጹት፤ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑንም ነገሩት። ሰውየው እግሩን አላስገባም፤ ያስገባው ዓይኑን ብቻ ነው። ሱረቱ አን-ኑር 58ኛው አንቀጽም ከፈጅር በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ጊዜና ከዒሻ በኋላ የቤት ልጆች እንኳ ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ያዛል። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው። ማታ ሥራው ሲቆም ክፍሉ ተመልሶ መኖሪያ ይሆናል፤ ካሜራው ግን ሰዓት አይለይም። (ይህ ፈትዋ አይደለም፤ የፊቅሁን ዝርዝር ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ።)

“የራሴ ካሜራ ነው፣ ማን ያየዋል?” የሚል ካለ፣ አሜሪካ ውስጥ የአማዞን ንብረት የሆነው ሪንግ የተባለ የቤት ካሜራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ተከሶ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከክሱ አንዱ፣ አንድ ሠራተኛ በመኝታና በመታጠቢያ ክፍል የተገጠሙትን ጨምሮ የሴት ደንበኞችን በሺዎች የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች ተመልክቷል የሚል ነበር። እዚህ እኛው ዘንድ ደግሞ የቀረበ ነገር አለ። ካሜራ የሚገጥመው ልጅ አካውንቱን በራሱ ስልክ ይከፍትና ለባለቤቷ ሼር አድርጎ ይሄዳል። እሷ የእኔ ነው ትላለች፤ አካውንቱ ግን የእሱ ነው።

ስለዚህ አካውንቱን እህቴ ራሷ በስልኳ ከፈተች፤ ፓስወርዱን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። አንዱ ካሜራ ውጭ በር ላይ ሆነ። ሁለተኛው ከመደርደሪያው አጠገብ ዝቅ ብሎ ጨርቁን ብቻ እንዲያይ ተደረገ፤ ድምፅ መቅጃው ጠፍቷል። መለኪያው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ፤ እዚያ ምንም የለም። ሜሞሪ ካርዱ ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ ስለሚቀዳ፣ አንድ ነገር ከተፈጠረ ቪዲዮውን ቶሎ መገልበጥ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ካሜራውም ዋይፋዩም አብረው ይጠፋሉ፤ ሌባ ደግሞ ጨለማውን ይወደዋል። ለሁለቱም ትንሽ ባትሪ ካልተያዘ ካሜራው ጌጥ ነው።

ግቢው የጋራ በመሆኑ እህቴ ከመገጠሙ በፊት ጎረቤታችን እትዬ ጋ ሄዳ አማከረቻቸው። ክርስቲያን ናቸው። “እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት ነጠላ ሳልደርብ ነው የምወጣው ልጄ” አሏት። ካሜራው ዞረ፤ የሳቸው በር የሚታይበት የምስሉ ክፍልም በአፑ ተሸፈነ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ ስለ ግል ዳታ ጥበቃ የወጣ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። እትዬ ግን አዋጅ አልጠቀሱም፤ ነጠላቸውን ነው የጠቀሱት።

ለምታግዛት ልጅም ካሜራው ምን እንደሚያይ ስልኩን ከፍታ አሳየቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ “ጨርቁን የወሰድኩት እኔ መስሎሽ ነው?” አለቻት። “ቢመስለኝ ኖሮ የበሩን ቁልፍ አንቺ ጋ አላሳድርም ነበር” አለቻት እህቴ።

ወንድሞች፣ እናንተን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የካሜራ ቪዲዮ ቆርጦ “ሌባው ይሄ ነው” ብሎ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ እንደ ጀብዱ እየታየ ነው። ማስረጃ ከሆነ የሚወሰደው ፖሊስ ጋ ነው። ዕቃ ተሳስቶ ያነሳ ሰውም ቪዲዮ ላይ ልክ እንደ ሌባ ነው የሚታየው። በኋላ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ፣ በየስልኩ የተዳረሰውን ማን ይሰበስብለታል?

በእኔ ግምት ከካሜራው የበለጠ የጠቀመን አንድ ደብተር ነው። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራ 282፣ ዱቤን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር ነው፤ እህቴ ያንን ለአማናም ወሰደችው። ደንበኛ ጨርቅ ስታመጣ ሜትሩ፣ ቀለሙ፣ ቀኑ ይጻፍና ትፈርማለች፤ ስትወስድም ትፈርማለች። እስካሁን ሁለት ጊዜ “ሰጥቼሻለሁ፣ አልሰጠሽኝም” የሚል ጭቅጭቅ ተነስቶ ሁለቱንም የፈታው ደብተሩ ነው። ካሜራው እስካሁን የያዘው የሰፈሩን ድመት ብቻ ነው።