የመረጃውን መረጃ ማን ይስጠን?

እኔ የፈረስ ቤት ልጅ ነኝ። ደጋ ዳሞትን ለማታውቁ፣ ከደምበጫ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚወጣው የገጠር መንገድ ያደርሳችኋል። በዚሁ መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ አንጀኒ የምትባል ቦታ ታገኛላችሁ።

አንጀኒ በዓለም የአፈር ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀች ናት ብል አትሳቁብኝ፤ እውነቴን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረውና ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ የመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በ1984 አንጀኒ ላይ ጣቢያ አቋቋመ። 113 ሄክታር ያህል በሆነ ተፋሰስ ላይ ዝናቡ፣ ጎርፉና የታጠበው አፈር ሲለካ ኖሯል። በ1986 መጀመሪያ ላይም «ፋንያ ጁ» የተባለው እርከን ተሠራበት።

አባቴ የሚያርሰው ተዳፋት መሬት ነው። ስለዚህ የአፈር መታጠብ ለእኔ የክፍል ሥራ ብቻ አይደለም። ስለ እርከን ጥቅም ለመጻፍ አስቤ አንድ መሥሪያ ቤት ቁጥር ብጠይቅ ሰንጠረዥ ሰጡኝ። ማን እንደለካው፣ የት እንደተለካ፣ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ግን የሚናገር አንድ መስመር የለበትም።

«ታዲያ ምን አለበት?» ትሉ ይሆናል። እስቲ አንድ ሰው ስለ አንጀኒ «1984» የሚል ዓመት አገኘ እንበል። በአውሮፓውያኑ ከሆነ እርከኑ ከመሠራቱ በፊት ነው። በእኛ ከሆነ ግን እርከኑ ከተሠራ ስድስት ዓመት አልፎታል። እርከኑ ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም የሚለው መልስ ተገለበጠ ማለት ነው!

ባለሙያዎቹ ይህን የጎደለ ነገር «ሜታዳታ» ይሉታል፤ የመረጃ መረጃ መሆኑ ነው። ለካስ እኛ በመጀመሪያ ዓመት የተማርነው ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት ኖሯል! ለካርታና ለመሬት መረጃ የሚሆነው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 19115 እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቷል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ያስጀመረው ጂኦኔትወርክ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ የጋራ የኢንተርኔት ካታሎግ ለመሥራት ያገለግላል። መሥሪያ ቤቱ መረጃውን እዚያው ይይዛል፤ መግለጫውን ብቻ ለሁሉም ያካፍላል። ካታሎጎቹም አንዱ የሌላውን መግለጫ ይሰበስባሉ።

«መረጃ ሀብት ነው፣ ለምን እንበትነው?» የሚሉ አሉ። ካታሎግ እኮ ሀብቱን አይበትንም፤ መኖሩን ብቻ ይናገራል። ደግሞም ፈላጊው እንዲያገኘው የቦታው ስም በአማርኛም በላቲንም መግባት አለበት። ፈረስ ቤትን በላቲን አንዱ አጣብቆ፣ ሌላው ለያይቶ ይጽፋታል። የአካባቢው ልጅ የስሞቹን አጻጻፍ ቢያርም የቢሮ ሰው የማይችለውን ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ድርሻ አለን። ቁጥር ሲሰጠን «ማን ለካው? መቼ? በየትኛው አቆጣጠር?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም ከቁጥሩ ጋር አብረን እንጻፍ። ያን ጊዜ አንጀኒ ላይ የተለካው ዝናብ ጎረቤቷን የፈረስ ቤትን ገበሬም ይጠቅማል።