ድንጋዩን አውጣው

ሊብሬ ስፈልግ ነው ያገኘሁት። ባለፈው ዓመት ያረፈው አባቴ ትቶት የሄደውን አይሱዙ የሚገዛ ሰው ተገኝቷል፤ ዋጋ ተነጋግረናል፤ የቀረው ሊብሬው ብቻ ነው። እናቴ «ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው» አለችኝ። የእናቴ ቁም ሳጥን ደግሞ ያልተፈለገ ነገር ሁሉ የሚገኝበት፣ የተፈለገው ብቻ የማይገኝበት ቁም ሳጥን ነው። የሰባት ዓመት የውኃ ደረሰኝ ወጣ። የክርስትና ሻማ ወጣ። ከዚያ በአሮጌ ሹራብ እጅጌ የተጠቀለለ አንድ ነገር ወጣ። ጌምቦይ አድቫንስ። ቀዩ ካሴት እንደተሰካ ነው። ፖክሞን ፋየርሬድ።

እኔ የምለው፣ ሰው ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ለአንዲት የፕላስቲክ ቁራጭ ልቡ ይመታል? የኔ መታ።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ፖክሞን ትንንሽ አውሬዎችን እያደንክ፣ ኳስ ውስጥ እያስገባህ፣ እያሳደግህ የምታፋልምበት ጌም ነው። የፈጠረው ሳቶሺ ታጂሪ የሚባል ጃፓናዊ ነው። ልጅ ሳለ ቶኪዮ ዳርቻ ላይ ነፍሳት መልቀም ይወድ ነበር። ከተማው ሲሰፋ ሜዳው በአስፋልትና በሕንፃ ተሸፈነ፤ እሱም ካደገ በኋላ ያንን የልጅነት አደን ጌምቦይ ውስጥ ከተተው። የመጀመሪያዎቹ ጌሞች ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጡ። የኛው ፋየርሬድ እነሱኑ አድሶ በ2004 የመጣው ነው። ይሄን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ ትዝ ያለኝ ከቤታችን ጀርባ የነበረው ሜዳ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ጥንዚዛ ይዘን፣ እግሯን በክር አስረን የምናበርበት ሜዳ ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ነው። ታጂሪ ናዝሬት ቢወለድም ይሄንኑ ጌም ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ መብራት ካልሄደበት።

ጌምቦዩን የላከችልን አሜሪካ ያለችው አክስታችን ናት፤ በ2001 ዓ.ም. ለገና፣ በአንድ ቁጥር ከሚያንስ ጫማ ጋር። ያኔ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ፣ ሚኒስትሪ ተፈታኝ። ታናሽ ወንድሜ ማሙሽ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። (ማሙሽ የቤት ስሙ ነው። አሁን ጢም አለው፤ ስሙ ግን አልተቀየረም።) ያ ዓመት መብራት በፈረቃ የነበረበት ዓመት ነው። ቴሌቪዥኑ ሲሞት ጌምቦዩ ይሠራል፤ የሚፈልገው ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው። ችግሩ ስክሪኑ የራሱ ብርሃን የለውም። ቀን በር ላይ ተቀምጠህ ትጫወታለህ፣ ማታ ሻማ አስጠግተህ ዓይንህን ታጠፋለህ።

ድንጋይ ደግሞ ያልቃል። መጀመሪያ በጥርሳችን እንነክሰዋለን። እንቢ ሲል ጣሪያ ላይ ፀሐይ እናስመታዋለን። የመጨረሻው ሐኪም አባታችን ነበር። አይሱዙውን ይዞ ከመቂ ሽንኩርት ለመጫን ሲወጣ ድንጋዮቹን ዳሽቦርዱ ላይ ደርድሮ ይሄዳል። ሲመለስ እንደ ትኩስ ዳቦ እጃችን ላይ ያደርግልናል። «መቂ ድረስ አሽሬላችኋለሁ» ይላል። እውነትም ለግማሽ ሰዓት ይሠሩ ነበር።

ወደ ጌሙ ልመለስ። ጌሙ የሚጀምረው ፓሌት ታውን በምትባል ሁለት ቤትና አንድ ላቦራቶሪ ባላት መንደር ነው። ከመንደር ልትወጣ ስትል አንድ ፕሮፌሰር ያስቆምህና ሦስት ኳስ ያስመርጥሃል፤ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ውኃ፣ አንዱ እሳት። አንተ ከመረጥክ በኋላ የፕሮፌሰሩ የልጅ ልጅ ያንተን የሚያሸንፈውን ይመርጣል። (ሕይወት እንዲህ ናት፤ ባለ አያት ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚመርጠው።) ከዚያ ኳስ ያለህ ጀግና ነኝ ብለህ ስትወጣ የመጀመሪያ ሥራህ ምን ይሆናል? መላላክ። ቀጣዩ ከተማ ቪሪዲያን ስትደርስ ባለሱቁ «ይሄን ለፕሮፌሰሩ አድርስልኝ» ብሎ ጥቅል ይሰጥሃል። የመጣህበትን መንገድ በእግርህ ትመለሳለህ። ለናዝሬት ልጅ ይሄ ጌም አይደለም፤ ቅዳሜ ነው።

ከሁሉ የወደድነው ግን ሽማግሌውን ነው። ከቪሪዲያን ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ተዘርሮ አላሳልፍ ይላል። ምክንያቱን ለማወቅ የዶክተር አምሳሉ አክሊሉን መዝገበ ቃላት አወጣን። ሰውዬው ለካ ቡናውን አልጠጣም! ማሙሽ ይሄን ለእናታችን ሲነግራት «ታዲያ ምን ያድርግ?» አለች፣ ስኒ እያጠበች። ጥቅሉን አድርሰህ ስትመለስ ሽማግሌው ቡናውን ጠጥቶ ሰው ይሆናል፤ አውሬ እንዴት እንደሚያዝም ያሳይሃል። ጃፓኖች ስለኛ ብዙ ሳያውቁ አይቀሩም አልን።

ቀስ በቀስ ካርታውን የራሳችን አደረግነው። ፓሌት ታውን የኛ ሰፈር ፍራንኮ ሆነች። ቪሪዲያን ሞጆ ሆነች፤ ሁሉም መንገድ በሷ ያልፋላ። ትሉና መርዙ የበዛበትን ጫካ ዓለም ጤና አልነው፣ ዓለም ጤናዎች ይቅርታ። ድንጋዩ ብሮክ ያለበት ከተማ መቂ፣ ውኃ ያለበት ከተማ ደግሞ ዝዋይ፤ የዛሬዋ ባቱ። አባታችን በየሳምንቱ የሚነዳው መንገድ ነው። አንድ ቀን ከሱ ጋር እስከ ሻሸመኔ ሄደን ሁሉንም ባጅ እንሰበስባለን እያልን እንፎክር ነበር።

እኔ ለሚኒስትሪ ሳጠና ማሙሽ ጌምቦዩን ወረሰው። የመረጠው የውኃውን ኤሊ፣ ስኩዊርትልን ነው። ብሮክ የድንጋይ አሠልጣኝ ስለሆነ ውኃ ሲነካው ይንኮታኮታል፤ ማሙሽ በአንድ ከሰዓት ጨርሶት ሄደ። ከዚያ ተራራው ሥር አንድ ሰውዬ ማጂካርፕ የሚባል ዓሣ በ500 ሸጠለት። ይሄ ዓሣ መንፈራገጥ እንጂ ምንም አይችልም። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «የዝዋይ ደላላ በላህ» አልኩት፤ ለሰፈር ልጅ ሁሉ ነገርኩ። እሱ ግን ዝም ብሎ ዓሣውን ያሳድጋል። ውጊያ ላይ ያወጣዋል፣ ወዲያው ይመልሰዋል፣ ሌላው ይዋጋለታል፤ ዓሣው ግን ድርሻውን ይማራል። «ቆሮሶ» ብሎ ስም አውጥቶለታል።

ሰኔ ላይ ተፈትኜ ተገላገልኩ። ተራዬ ነው አልኩ። «ትንሽ ጠብቀኝ፣ ዝዋይ ልድረስ» አለኝ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ ካሴቱ የሚይዘው አንድ ሴቭ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ሁለት ጨዋታ ማስቀመጥ አይችልም። ሌላው ሰው አዲስ ጀምሮ ሴቭ ካደረገ የፊተኛው ይጠፋል። ጌሙ ራሱ ያስጠነቅቃል።

አንድ ቀን ማሙሽ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ አዲስ ጨዋታ ጀመርኩ። ማስጠንቀቂያው መጣ። አነበብኩት። አዎ አልኩ።

ሲመለስ አለቀሰ። እናቴ ጠራችኝ። «እንግሊዝኛው አልገባኝም» ብዬ መሰከርኩ፤ የሚኒስትሪ ተፈታኙ! ማሙሽ ሄዶ መዝገበ ቃላቱን አመጣ፣ ማስጠንቀቂያ የሚለውን ቃል ፈልጎ አገኘ፣ ገጹን እንደከፈተ ፊቴ አስቀመጠው። አንድ ቃል አልተናገረም።

የኔን ጀግንነት ደግሞ ስሙ። የመረጥኩት እሳቱን፣ ቻርማንደርን ነው። «አይሱዙ» አልኩት፤ የአባታችን መኪና ዳገት ላይ እንደሱ ስለሚያጨስ። ብሮክ ጋ ደረስኩ። እሳት ድንጋይን አያቃጥልም። ኦኒክስ የሚባል የድንጋይ እባብ ያወጣና ያነጥፈኛል። ስትሸነፍ ከገንዘብህ ይቀነስና ወደ ሕክምና ቤት ትመለሳለህ። ተመልሼ መጣሁ። አነጠፈኝ። መፍትሔው ቀላል ነበር። ጫካው ውስጥ ካሉት ትሎች አንዱን ይዘህ ብታሳድገው ቢራቢሮ ይሆንና ድንጋዩን በሌላ ዘዴ ይጥልልሃል። ቻርማንደርም ቢሆን ትንሽ ከታገሥከው የብረት ጥፍር ያወጣል። እኔ ግን ትል አላሳድግም፣ አልጠብቅም። ስድስት ጊዜ ተሸንፌ «ጌሙ ደባሪ ነው» ብዬ ወረወርኩት። መስከረም ላይ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ፤ ከዚያ በኋላ ነክቼው አላውቅም።

አሁን ወደ ቁም ሳጥኑ እንመለስ።

ሱቅ ወረድኩና ሁለት ድንጋይ ገዛሁ። እንደ ድሮው በር ላይ፣ ለፀሐዩ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ቁልፉን ገፋሁት። ያቺ ቀይ መብራት ሳይሆን አረንጓዴዋ በራች። መቀጠል ትፈልጋለህ ይላል። ከሥሩ የተጫዋቹ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፦ አቡሽ። የኔ የቤት ስም። የኔ ሴቭ ነው።

ብቻ ባጁ አራት ነው ይላል።

እኔ አንድም ባጅ የለኝም። የጨዋታ ሰዓቱን አየሁ፤ አርባ አንድ ሰዓት። እኔ አራት ሰዓት ተጫውቼ ቢሆን ነው። ገባሁ። ቡድኑን ከፈትኩ። አንደኛ «አይሱዙ»፤ ቻርማንደርነቱን ትቶ ቻርሚሊየን ሆኗል፣ ሌቭል 34። ሁለተኛ ቢራቢሮ። ሦስተኛ ጋይራዶስ። ለማታውቁት፣ ያ የሚንፈራገጠው ዓሣ ታግሠህ ሌቭል 20 ካደረስከው የሚሆነው ዘንዶ ነው። ስሙ «ቆሮሶ»።

ሁለተኛም ገዝቶታል። በ500።

እዚያው በር ላይ ብዙ ቆየሁ። ማሙሽ የራሱን ጨዋታ አዲስ መጀመር ይችል ነበር፤ ካሴቱን ማንም አልከለከለውም፤ እኔ ትቼዋለሁ። ግን አዲስ ቢጀምር የኔ ይጠፋል። ስለዚህ በማይወደው እሳት፣ በማይወደው ስም፣ እኔ የተሸነፍኩበት በር ላይ ቆሞ ቀጠለ። ትል ይዞ አሳደገ። ብሮክን ጣለ። ስሜን አልቀየረም። ለኔም አልነገረኝም። አሥራ ምናምን ዓመት።

አሁን ያላልኳችሁን ልንገራችሁ። ማሙሽ የሚሠራው ባቱ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ለውርሱ ጉዳይ ለኔ ውክልና ሰጥቶኛል። ከለቅሶው ሳልስት በኋላ «አይሱዙውን ባንሸጠው፣ ሥራ ለቅቄ እኔ ብነዳው» ብሎኝ ነበር። «እናያለን» አልኩት። ከዚያ አላነሳንም። ያረጀ መኪና ነው፣ ጎማው አልቋል፣ ማሙሽ ደግሞ የጭነት ሥራ አያውቅም፤ ምክንያቴ ብዙ ነው፣ ምናልባት ትክክልም ነው። ግን ገዢውን ሳነጋግር አልደወልኩለትም። ሊሸጥ እንደሆነ አያውቅም። ውክልናው በእጄ ነው፤ ፊርማዬ ይበቃል። ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ቁጠሩት።

የስክሪኑን ፎቶ አነሳሁና በቴሌግራም ላክሁለት። ምንም አልጻፍኩበትም። አየው። መጻፍ ጀመረ፣ አቆመ፣ ጀመረ፣ አቆመ። በመጨረሻ እንዲህ የሚል መጣ፦

«ድንጋዩን አውጣው። እላዩ ላይ ከቆየ ይፈስና ይበላሻል።»

አወጣሁት። ከዚያ ለገዢው ደወልኩና ሊብሬው አልተገኘም፣ እስከ እሁድ ይታገሡኝ አልኩት። ውሸት አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያ በሞጆ በኩል ወደ ባቱ እሄዳለሁ፤ ጌምቦዩን ይዤ። ማሙሽ ምን እንደሚል አላውቅም። «ሽጠው» ሊለኝ ይችላል፤ «አትሽጠው» ቢለኝ ደግሞ ጎማ መግዣ ከየት እንደምናመጣ እንነጋገራለን። ሁለቱ ድንጋዮች ለመንገድ ኪሴ ውስጥ አሉ። ከዓለም ጤና በኋላ ፀሐይ ያለበት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።