ቅባት ሁሉ አንድ አይደለም

እኔ የመኪና መካኒክ ነኝ። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ አሁን ደግሞ እዚህ ሜሪላንድ፣ ከሃያ ዓመት በላይ እጄ ከግሪስ ወጥቶ አያውቅም። ስለ ግሪስ የሚያስተምረኝ ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ያውም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ ፍቅር ወድቀዋል። የዘመኑን ልብስ ለብሰው ለጎብኚዎች ታሪኩን ያሳያሉ። በጦርነቱ ጊዜ ይያዝ የነበረውን የ1860 ኮልት አስመስሎ የተሠራ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥም አላቸው። ልጄ ታሪክ ስለሚወድ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ጋ መዋል ጀመረ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልወደድኩትም። በደርግ ዘመን ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ አልተመለሰም። ይህንን ለልጄ ነግሬው አላውቅም፤ "መሣሪያ ያለበት ቤት አትሄድም" ብቻ ነበር ያልኩት። ተኳረፍን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ሰላምታ እንኳ ጠፋ። በመጨረሻ እናቱ "ከልክለኸው ከምታጣው አብረኸው ሂድ" አለችኝ። እንዳይተኩስ፣ የጎረሰ ሽጉጥም እንዳይነካ ቃል አስገብቼው አብሬው ሄድኩ።

የተኩስ ሜዳው ላይ ሽማግሌው አስረዱን። ጥቁር ባሩድ ከመቶ 75 እጁ ፖታሲየም ናይትሬት የሚባል ጨው፣ 15 እጁ ከሰል፣ 10 እጁ ድኝ ነው። ሲቃጠል ከግማሽ የሚበልጠው ጭስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ጥላሸቱ ሲደርቅ ይጠጥርና አፈሙዙን ያቆሽሻል፤ የሚሽከረከረውን ሲሊንደርም ከመሐል ዘንጉ ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ ባሩዱና የእርሳሱ ኳስ ከገቡ በኋላ የስድስቱም ጉድጓድ አፍ በቅባት ይደፈናል፤ ዘንጉም ይቀባል። ቅባቱ ጥላሸቱ እንዳይጠጥር ያለሰልሰዋል።

የዚያን ቀን የሳቸው ቅባት አልቆ ነበር። እኔም ኮራ ብዬ ከመኪናዬ የኩሽኔታ ግሪስ አመጣሁ።

"አባዬ፣ ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ግሪስ ለጥቁር ባሩድ አይሆንም" አለኝ ልጄ።

"አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ግሪስ ስቀባ ነው የኖርኩት!" አልኩት። ሽማግሌው ፈገግ ብለው "እስኪ ይሞከር" አሉ።

በሁለተኛው ዙር ሲሊንደሩ ከበደ። በሦስተኛው አልዞር አለ። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ ሲፈታ፣ ዘንጉ ላይ እንደ ሬንጅ የተጋገረ ጥቁር ነገር ተገኘ። አንገቴን ደፋሁ። ልጄ ግን አልሳቀብኝም። "ምንም አይደለም አባዬ፣ ይለቃል" አለኝ።

የባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስለሚስብ ሳይጸዳ ካደረ ብረቱን ያዝገዋል። ስለዚህ የዚያኑ ማታ በሽማግሌው ጋራዥ ውስጥ በሙቅ ውሃና በሳሙና እያሸን አጠብነው። ከዚያ ልጄ ትክክለኛው ቅባት እንዴት እንደሚሠራ አሳየኝ። ሞራና የንብ ሰም በአንድ ዕቃ አድርጎ፣ ዕቃውን የፈላ ውሃ ላይ አስቀምጦ ቀስ እያለ አቀለጠው።

ሰሙ መቅለጥ ሲጀምር ሽታው ልቤን ነካው። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስትሠራ ቤታችንን የሚሞላው ሽታ ነው። ለልጄ ነገርኩት። "ጧፉን ለማን ነበር የምታበራው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ለወንድሜ ነበር። በሰላም እንዲመለስ።

አጎት እንደነበረው ያን ማታ ነው ያወቀው። እጃችን ሞራ እንደነካ፣ ያልነገርኩትን ሁሉ ነገርኩት። ለምን እንደፈራሁም ያኔ ገባው። ብዙ አልተናገረም፤ ማሰሮውን ትቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ወላጆች፣ ዛሬም ሽጉጥ አልወድም። ቅዳሜ ግን የኔም ቀን ሆኗል። ልጆቻችሁ እናንተ የማትወዱት ነገር ላይ ልባቸው ሲያርፍ፣ ከመከልከላችሁ በፊት አንድ ቀን አብራችኋቸው ዋሉ። ለምን እንደምትፈሩም ንገሯቸው። በገዛ ሙያችሁ ሊያርሟችሁ ይችላሉና ተዘጋጁ፤ የኔው ልጅ የኩሽኔታ ግሪሴን ታሪክ ለጓደኞቹ ሁሉ አዳርሶታል።