ፆም ስንፈታ

ስማችንን አንጽፍም። ካርቱም፣ ዴም ሠፈር እንኖር የነበርን ሦስት ወንዶች ነን፤ አንዳችን ነርስ፣ አንዳችን የአምቡላንስ ሾፌር፣ አንዳችን ባገር ቤት እሳት አጥፊ የነበረ። ሁለት ዓመት ከሌሊት ተራ ስንመለስ አብረን ቡና ጠጣን እንጂ አንዳች አልተባባልንም፤ ፍቅሩ ግን ቀስ በቀስ ሦስታችንንም ያዘ። የሱዳን ሕግ በ2012 ዓ.ም. በወንድና በወንድ ግንኙነት ላይ የነበረውን ግርፋትና የሞት ቅጣት ቢያነሣም እስራቱን አልሻረም፤ ያገራችንም ሕግ ያስራል። ጎረቤት «ወንድማማቾቹ» ይለን ነበር፤ ውሸትም አልነበረም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቀዳም ሥዑር፣ ጦርነቱ ፈነዳ። ሾፌሩ ቁስለኛ ሊያነሣ እንደ ወጣ አመሸ። ዳቦውን ሸፍነን፣ ፆም ሳንፈታ ጠበቅነው። ሲነጋጋ ገባ። ነርሱ እጁን ይዞ «ያላንተ አንፈታም ብለን ነው» አለው፤ ሦስተኛው ዳቦውን ቆረሰ።

እዚህ ጣቢያ መዝጋቢው ዝምድናችንን ሲጠይቅ ወንድማማቾች ነን አልን፤ አንድ ድንኳን ተሰጠን።